ያልተቀደደው ግልባጭ

ቂመኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ። የዱርቤቴ ቄስ ልጅ ነኝ፤ ይቅርታ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ይችን ነገር ሳወራ ንስሐ እንደሚገባ ሰው አንገቴን ደፍቼ አላወራትም። የዚያን ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ቅር ያለኝ ነገር አንድ ብቻ ነው። እሱንም አልደብቅም፤ ሲደርስ እናገረዋለሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ አሥራ አንድ ዓመት ላቦራቶሪ አስተምሬያለሁ። መምህር ነበርሁ ብዬ ዝም ብል ግን ግማሹን ደበቅሁ ማለት ነው፤ ፓርት ታይም ነበርሁ። ፓርት ታይም ማለት ሴሚስተሩ ሲጀመር ውል ትፈርሚያለሽ፤ ፈተና አርመሽ ውጤት ስታስገቢ ውሉ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ማንም አያውቅሽም። ሳምንታት ያልፋሉ፤ አንድ ቀን የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ስምሽ ካለ ተጠርተሻል። ከሌለ አልተጠራሽም። ደውሎ የሚነግርሽ የለም፤ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ የለም። ራስሽ ሄደሽ፣ ከተማሪ ጋር ተጋፍተሽ፣ ጣትሽን እየጎተትሽ ትፈልጊያለሽ። እንደኔ ያሉ ሰባት ነበርን። መንገድ ላይ ስንገናኝ ደህና ነሽ ወይ ከመባባላችን በፊት የምንጠያየቀው "ተጠራሽ?" እየተባባልን ነበር። ሃያ ሁለት ጊዜ ተጠርቻለሁ፤ ሃያ ሁለት ጊዜም ውሌ አልቋል።

ዲኑ ተማሪዬ ነበር። ያኔ ጣቶቹ የደም ናሙና በሚቀባበት ቀለም ወይን ጠጅ ሆነው የሚውሉ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር የወባ ተሐዋሲ ፈልግ ሲባል የአየር አረፋ አይቶ አገኘሁ የሚል ልጅ ነበር። አንገቱን ይዤ፣ ዓይኑን ሌንሱ ላይ አስቀምጬ፣ ይኼ አረፋ ነው፣ ወባው ያ ነው ያልሁት እኔ ነኝ። ወድቆ እያለቀሰ ሲመጣም ድጋሚ ፈተና የሰጠሁት እኔው ነኝ። ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው።

ተመረቀ፤ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀምጦ መጣ፤ ከኮሌጁ ባለቤት ጋር ዝምድና ነበረውና ዲን ሆነ። ሲሄድ "ሄድሁ" ይል የነበረው ልጅ "ሄድኩ" እያለ ተመለሰ። ይኼስ ይሁን፣ ከተማ ያየ ሰው ነው። ድሮ "ቲቸር" ይለኝ የነበረውን ግን "አንቺ" አለኝ። እኔ ደግሞ መጠራቴ በእሱ እጅ ነውና "እርስዎ" አልሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ለገዛ ተማሪዬ "እርስዎ" ባልሁ ቁጥር አፌን ይመረኝ ነበር።

አሁን ነገሩ ሁሉ የመጣባትን ወረቀት ልንገራችሁ። የግል ኮሌጅ በየጊዜው ፈቃዱን ያሳድሳል። ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ሲመጡም የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፤ የላቦራቶሪ ዕቃ፣ መጽሐፍና ቋሚ መምህር። የኛ ኮሌጅ ሦስቱም ይጎድሉት ነበር። ስለዚህ ገምጋሚ ሊመጣ ሲል ማይክሮስኮፖች ከሌላ ቦታ በውሰት፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በባጃጅ ይመጣሉ፤ እንግዶቹ ሲሄዱም በዚያው ባጃጅ ይመለሳሉ። መጻሕፍቱም እንደዚያው። ቋሚ መምህርን ግን በባጃጅ ማምጣት ስለማይቻል ይጽፉታል። ለሰባታችንም በቋሚነት የተቀጠርን መሆናችንን የሚገልጽ ደብዳቤ ይወጣል፤ ቀኑም ወደ ኋላ ሄዶ መጀመሪያ ከገባንበት መስከረም ይቆጥራል። ለፋይል ነው ይሉናል። እኛም የዚያን ቀን ነጭ ጋውን ለብሰን ቋሚ መስለን እንውላለን።

የኮሌጁን መዝገብ ቤት የያዙት አንዲት እናት ነበሩ፤ ድሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት የነበሩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ። በእሳቸው እጅ ያለፈ ወረቀት ቁጥር ሳይወጣለት፣ ወጪ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር፣ ግርጌው ላይ ግልባጭ ለማን እንደሚሄድ ሳይጻፍበት ከክፍላቸው አይወጣም። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ጠፋ የሚል ማስታወሻ እንኳ ቁጥር ነበረው። ያን የውሸት ደብዳቤም እንደማንኛውም ደብዳቤ አደረጉት። ቁጥር ሰጡት፤ ከግርጌው ግልባጭ ብለው የየራሳችንን ስም ጻፉ፤ ማኅተም አስመትተው አንድ በአንድ ጠሩንና መዝገባቸው ላይ አስፈርመው በእጃችን ሰጡን። እኔ እትዬ፣ ይኼ እኮ ለይምሰል ነው፣ ምን ያደርግልኛል አልኋቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ አሉኝ።

ግምገማው እንዳለፈ ዲኑ ግልባጮቹን አምጡ ብሎ ሰበሰበና ቀደዳቸው። ስድስቱ መለሱ። እኔ ጠፋብኝ አልሁ። ሳቀና ምን ታደርጊበታለሽ ብሎ ተወኝ።

አልጠፋብኝም። ዱርቤቴ ይዤው ሄጄ ነበር። እናቴ ያኔ ከአልጋ አትነሣም። በሄድሁ ቁጥር የምትጠይቀኝ ቋሚ ሆንሽ ወይ እያለች ነው። ባሏ ሞቶባት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ለቄሱ ሚስት ይሰጥ የነበረው ቀርቶባት ያየችው ችግር አለና፣ እኔ ነገ ከነገ ወዲያ ወጥቼ እንዳልቀር ትፈራ ነበር። ሁልጊዜ "ሊሆን ነው" እላት ነበር። ያን ቀን ግን ደብዳቤውን አውጥቼ አነበብሁላት። ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። ወረቀቱን ሳመችና ትራሷ ሥር ካለው ዳዊቷ ውስጥ ከተተችው። ውሸት ነው ብዬ ከእጇ እንዴት ልንጠቃት? ትቼላት መጣሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ዐረፈች፤ ልጇ ቋሚ ሠራተኛ መሆኗን አምና ዐረፈች። ዳዊቱ ለእኔ ደረሰኝ። መግለጥ ግን አልሆነልኝም፤ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት።

በዓመቱ ሰባታችንም ጣና ዳር ዓሣ ልንበላ ተቀመጥን። የዘጌ ጀልባ ሰው ጭኖ ሲወጣ እያየን፣ የማን ስም ይኖራል የማን ይቀራል እያልን እንሳቀቃለን። ማመልከቻ እንጻፍ ያልሁት እኔ ነኝ። ጥያቄያችን ትንሽ ነበረች፤ ቋሚ አድርጉን እንኳ አላልንም። ቀድሞ የሠራ ቀድሞ ይጠራ፤ የማይጠራ ካለ ደግሞ ምክንያቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረው። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ጻፍሁት፤ በዕድሜም በአገልግሎትም ታላቃቸው ነኝና መጀመሪያ ፈረምሁ። ስድስቱም ዓሣው ከእጃቸው ሳይታጠብ ተከትለው ፈረሙ። እንደውም አንደኛው እኔ ከአንቺ ጋር ነኝ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ነበር። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ድልድሉ ሲለጠፍ ሰሌዳው ጋ ሄድሁ። ጣቴን ከላይ ወደ ታች ወሰድሁት። ከታች ወደ ላይ መለስሁት። የስድስቱም ስም አለ፤ የኔ የለም። ሦስቱም ኮርሶቼ አጠገብ የማላውቀው ስም ተጽፏል። ከኋላዬ ያሉት ተማሪዎች ቲቸር የኛን ክፍል ይይዛሉ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ያ የማላውቀው ስም የዲኑ ሚስት ታናሽ እህት ሆና ተገኘች፤ ገና በሐምሌ የተመረቀች።

ወደ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ተቀመጪ አላለኝም። ማመልከቻችን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ የኔ ፊርማ ከላይ ነው። ምን አጠፋሁ ብዬ ጠየቅሁት፤ ያውም "እርስዎ" ብዬ። እስኪርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ መለሰልኝ።

"ውልሽ አልቋል እኮ። አላባረርኩሽም። አልጠራሁሽም ብቻ።"

ይችን ነገር ልብ በሏት። ሰው ቢያባርርሽ አባረረኝ ትያለሽ፤ ትከስሺያለሽ፤ ሽማግሌ ትልኪያለሽ። ያልጠራሽን ሰው ምን ትይዋለሽ? ወጣሁ። በሩ ላይ ያ ትከሻዬን የመታው ጓደኛዬ ቆሟል። ሲያየኝ ስልኩን አውጥቶ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተከለ። ስልኩ መዘጋቱን አይቻለሁ፤ መስታወቱ ጥቁር ነበር። የቀሩት አምስቱም ያን ሰሞን አንዳቸውም አልደወሉልኝም። እኔን አሳልፈው ሰጥተው እነሱ ተጠሩ።

ያን ሴሚስተር እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ጠዋት ጠዋት የክፍሌ ሰዓት ሲደርስ እግሬ ራሱ ይነሣል፤ የት ልሂድ? ጣና ዳሩን ይዤ እሄድና እመለሳለሁ። የድሮ ተማሪዎቼ ሲያገኙኝ ቲቸር ዛሬ ክፍል የለም ወይ ይሉኛል፤ ዕረፍት ላይ ነኝ እላለሁ። ክሰሺ ያሉኝ ነበሩ። በምን ልክሰስ? እጄ ላይ ያለው ሃያ ሁለት ያለቀ ውል ነው። ዲኑን ግን በልቤ ያላደረግሁት ነገር የለም። ያቺን ድጋሚ ፈተና ነጥቄ እቀድዳታለሁ። ገምጋሚዎቹ ፊት ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀምጬው ወባውን አሳየን እለዋለሁ። እንደዚህ እያሰብሁ ብቻዬን ስናገር ሰው አይቶኝ ያውቃል።

በኋላ አንድ ክሊኒክ ሰው ይፈልጋል ሲባል የሥራ ልምድ ማስረጃ ለማውጣት ወደ ኮሌጁ ሄድሁ። እኒያ እናት ጻፉልኝ፤ ዲኑ ፈረመ። በየሴሚስተሩ በትርፍ ሰዓት ያስተማሩ ይላል። ይዤው ቤቴ ገባሁና ሣጥኑ ውስጥ ላስቀምጥ ስል እጄ ዳዊቱን ነካው። ያን ቀን ምን እንዳደፈረኝ አላውቅም፤ አወጣሁት። ገለጥሁት። ደብዳቤው እናቴ ከተወችው ቦታ ሳይነቃነቅ አለ።

ሁለቱን ወረቀት አልጋዬ ላይ ጎን ለጎን አደረግሁ። ማኅተሙ አንድ ነው። ፊርማው አንድ ነው። አንዱ ካሥራ አንድ ዓመት ጀምሮ ቋሚ ነሽ ይላል፤ ሌላው ትርፍ ሰዓት ነሽ ይላል። መጀመሪያ እናቴን አስታውሼ አለቀስሁ፣ ደረቴ እስኪያመኝ። ከዚያ ሳቅ መጣብኝ። ምን ዓይነት ሳቅ እንደሆነ እንጃ፤ ጎረቤቴ ደህና ነሽ ወይ ብላ በሩን አንኳኳች።

የዚያኑ ዕለት አልሮጥሁም። ቂም የያዘ ሰው መጠበቅ ያውቃል። ፈቃዱ የሚታደስበትን ወር ከባለቤቱም ከዲኑም በላይ እኔ አውቀዋለሁ። ፋይላቸው ውስጥ ላቦራቶሪውን ይዞ የቆመው የኔ ማስትሬት ነው፤ ያች የሚስቱ እህት ዲግሪዋ ገና እርጥብ ነው፤ እሷን ቢያቀርቡ ፈቃዱ አይወጣም። ስሜን ከሰሌዳ አወጡት እንጂ ከፋይል አላወጡትም። ስለዚህ ቤቴ ተቀምጬ ስልኬን ጠበቅሁ።

ደወለ። "ቲቸር" አለኝ፤ ከስንት ዓመት በኋላ። እንዴት ነሽ፣ ጠፋሽ እኮ፣ ተማሪዎችሽ ናፍቀውሻል። ለአንድ ቀን ብቻ መጥተሽ ጋውን ለብሰሽ ብትቆሚልን፣ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ እናይልሻለን። እናይልሻለን! እሺ፣ ምን ችግር አለ አልሁት። ድምፄ እንዴት እንደጣፈጠ ለራሴም ገረመኝ።

በማለዳ ደረስሁ። ማይክሮስኮፖቹ ከብርድ ልብሳቸው እየወጡ ነው። ስድስቱ ነጭ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ሲያዩኝ ያንዳንዱ ዓይን ጣራ ላይ ወጣ። ዲኑ ጋውን ይዞ ፈገግ ብሎ መጣ። ጋውኑን ተቀበልሁና ላንድ ጉዳይ ቢሮ እንግባ አልሁት። በሩን ራሴ ዘጋሁት። ሳልጋበዝ ተቀመጥሁ። የደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ ፊቱ አስቀመጥሁ፤ ዋናው ግልባጭ ከእናቴ ዳዊት ወጥቶ እሱ ፊት አይቀርብም።

አነበበው። እንደገና አነበበው።

"ይኼ ለፋይል የተጻፈ ነው እኮ" አለ።

"ፊርማው የማን ነው?"

ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ። "እርስዎ" የሚለው ከአፌ እንዳልወጣ ያን ጊዜ ነው የገባው መሰለኝ።

"የፈረምኸው አንተ ነህ። ቁጥር አለው፤ አንዱ ፋይልህ ውስጥ ነው፤ እንግዶቹ ዛሬ የሚያዩት እሱን ነው። እውነት ከሆነ ቋሚ ሠራተኛህን ያለ ምክንያት አውጥተህ ጥለሃል፤ መልሰኝ። ውሸት ከሆነ ሲጠይቁኝ ውሸት ነው እላቸዋለሁ። አንዱን ምረጥ።"

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ግንባሩ ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ፤ በዓይኔ አየሁት፤ እሰይ አልሁ በልቤ። እያስፈራራሽኝ ነው ወይ ሲለኝ አፌ ላይ ተዘጋጅታ የቆየች መልስ ነበረችኝ።

"አላስፈራራሁህም። ስትጠራኝ መጣሁ ብቻ።"

ሁለት ወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። አንደኛው እኔ በቋሚነት ሥራዬ ላይ ያለሁ መሆኔንና በደብዳቤው መሠረት አገልግሎቴ ካሥራ አንድ ዓመት በፊት እንደሚጀምር የሚገልጽ ነው። ሁለተኛው ያቺው የጣና ዳሯ ጥያቄያችን ናት፤ ቀድሞ የሠራ መምህር ቀድሞ ይጠራል፣ የማይጠራ መምህር ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረዋል። ለስድስቱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ለእነሱ ጣቴን አላነሣም ነበር። ግን ብቻዬን ብድን በዓመቱ ብቻዬን ይበላኛል፤ ይኼን አስቤ ነው። ደግሞም ቀድሞ የሠራ ይቅደም ከተባለ የሚስቱ እህት መጨረሻ ትሆናለች። እሷን መጨረሻ ላይ ማየት ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም።

የእንግዶቹ መኪና በር ላይ ጥሩምባ ነፋ። ፈረመ። ፊርማው ከመስመር ወጣ። ሊወጣ ሲል አቆምሁት፤ ቁጥር ይውጣለት አልሁ። እንግዶቹ አዳራሽ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ እኔና ዲኑ መዝገብ ቤቱ ፊት ቆመን ጠበቅን። እኒያ እናት መነጽራቸውን አደረጉ። ሁለቱንም ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቁጥር ሰጡ፤ ማኅተም አስመቱ፤ ግርጌው ላይ ግልባጭ ለእኔ ጻፉ፤ ፈርሚ አሉኝ። ዲኑ ሰዓቱን እያየ እግሩን ያወዛውዝ ነበር። እሳቸው አልቸኮሉም።

ላቦራቶሪ ውስጥ የገምጋሚዎቹ ታላቅ፣ ሽበት ያለባቸው ሰው፣ ፋይሌን ይዘው እዚህ ስንት ዓመት ሆነዎት አሉኝ። አሥራ ሁለተኛዬን ይዣለሁ አልኋቸው። ቋሚ ነዎት አሉኝ። አዎ አልሁ። ደብዳቤውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ወደ ሌላው አለፉ። ማይክሮስኮፖቹ የማን እንደሆኑ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። ነውር ነው የሚል ካለ ይበል። አሥራ አንድ ዓመት እውነቱን ይዤ ሰሌዳ ሥር ስጋፋ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የሚቀጥለው ድልድል ሲወጣ ዲኑ በገዛ እጁ እንዲለጥፈው አደረግሁ። አጠገቡ ቆሜ አራቱን ማዕዘን ሲያጣብቅ አየሁ። ስሜ አንደኛ ነው። የሚስቱ እህት መጨረሻ ላይ አንድ ክፍል ይዛለች። ስድስቱ በየተራ መጥተው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ያ ትከሻ የሚመታው እጁን ሲዘረጋ ስልኬን አወጣሁ፤ ዓይኔን ተክዬበት ቆየሁ። የኔም ስልክ ተዘግቶ ነበር። ያን ሳምንት እንደ ሰርገኛ ነው የሰነበትሁ። እናቴ መቃብር ላይም ሄጄ እውነት ሆነ አልኋት።

እንግዲህ ቅር ያለኝን ልናገር። ሚያዝያ ላይ አንድ ደብዳቤ ለማስገባት መዝገብ ቤት ስሄድ ወንበሩ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። እትዬስ ብዬ ጠየቅሁ። ሄደዋል አለችኝ። ወደ ዲኑ ገባሁ። እየጠበቀኝ የነበረ ይመስላል፤ ወንበሩን ደገፍ ብሎ ፈገግ አለ። ያው እስኪርቢቶ እጁ ላይ ነበር።

"ውላቸው አልቆ ነው። አላባረርኳቸውም። አልጠራኋቸውም ብቻ።"

ሽምብጥ ሰፈር ቤታቸው ሄድሁ። በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ተቀመጪ ብለው ዱካ ሰጡኝ። ለካ እሳቸውም በየሦስት ወሩ የሚታደስ ውል ላይ ነበሩ፤ ከእኔ በፊት ጀምሮ። ቋሚ የሚል ደብዳቤ አንድም ቀን አልተጻፈላቸውም፤ ገምጋሚ ስለ መዝገብ ቤት አይጠይቅምና። ደግሞ ነገሩኝ፤ ዲኑ ያኔ የሰጣቸው ረቂቅ ላይ ግልባጭ የሚል አልነበረበትም። ለሰባታችንም የጨመሩት እሳቸው ናቸው፤ ሆን ብለው። ለሁላችሁም ሰጠሁ፣ ያላስቀደድሽ አንቺ ብቻ ነሽ አሉኝ። ዲኑ ይኼን ደርሶበታል። እኔን መንካት ስላልቻለ እሳቸውን ነካ።

ያች ሁለተኛ ወረቀት ትዝ አለችኝ። እሳቸው እጅ ላይ ስትቆይ። ምንድን ነበር ያነበቡት እትዬ፣ ለምን ያኔ አልነገሩኝም አልኋቸው። ጠጠር ለቅመው ወደ ጎን ጣሉ።

"መምህር ይላል። እኔ መምህር ነኝ እንዴ የኔ ልጅ?"

አፈር ልብላ። እኔ ነኝ የጻፍሁት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሳቸው እጅ ውሌን ስቀበል፣ የሳቸውን ውል ማን ይጽፈዋል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ማንም ሳያዛቸው ያችን አንድ መስመር ከግርጌው ባይጨምሩልኝ ኖሮ እኔ ዛሬ የት ነበርሁ? ዲኑ እኔን ረሳኝ ብዬ እንደዚያ ስቃጠል እኔም ሰው ረስቼ ነበር። እዚያው ዱካው ላይ ሆድ ባሰኝ፤ እሳቸው ደግሞ ተይ አታልቅሺ ብለው እኔን ያጽናናሉ።

ስወጣ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ውሉ አልቆ እስኪታደስ ባለው ጊዜ ቤት ይቀመጡ ነበር ወይ? ሳቁ። መች አንድ ቀን ቀርቼ አውቃለሁ፣ ደብዳቤው ማን ቁጥር ያወጣለታል አሉኝ።

በማግሥቱ መዝገብ ቤት ገባሁ። ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፤ ማን ይከለክለኛል? ወጪ መዝገቦቹን ከመደርደሪያው አወረድሁ። በየቀኑ፣ በየገጹ፣ የሳቸው የእጅ ጽሑፍ። ውል ባልነበራቸው ሳምንታትም ቀኑ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ጽሑፋቸው አለ፤ አንድ ክፍት ቀን የለም፤ ሳይጠሩም ሲሠሩ እንደኖሩ መዝገቡ ራሱ ይመሰክራል። ስልኬን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ፎቶ ማንሣት ጀመርሁ። ሁለተኛው መዝገብ ግማሽ ላይ ስደርስ ዲኑ በሩ ላይ ቆመ። መዝገቡን አየ፤ ስልኬን አየ። ፈገግታው የለም።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለኝ።

"ግልባጭ እየወሰድሁ ነው" አልሁትና ገጹን ገለጥሁ።